ሳቅ ቁጥር አራት

ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ ነው። በዚያው ቀን ጠዋት ፌቨን ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ አንድ ጎልማሳ ከፊቷ ገባባት። ስትቆጣው ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት «ክፍል ሃያ ሁለት» አላት። ሰልፈኛው ስልኩን አውጥቶ አየ። በድሮው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ክፍል ሃያ ሁለት ላይ ካፒቴኑ ለምግብ የተሰለፉትን ሠራተኞቹን ቀድሞ ይገባል፤ ተመልካቹም ይስቃል፤ ሳቁ አምስት ሰከንድ ይቆያል። አምስት ሰከንድ ሙሉ የተሳቀለት ነገር ደግሞ ነውር አይደለም። ሰልፈኛው ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ፤ ሰውየውም ዳቦውን ይዞ ሄደ። ቅር ያላት ፌቨን ብቻ ናት፤ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷንም ያማታል።

ሕጉ ከወጣ ሃያ ዓመት ሆኖታል። የመጣውም ከክፋት አልነበረም። ፍርድ ቤቶች በክርክር ተጨናንቀው፣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በምን እንደሚዳኝ ጠፍቶት በነበረበት ዘመን አዋቂዎች ተሰብስበው አገሩ ሁሉ የሚስማማበት አንድ ነገር ፈለጉ። ቢፈልጉ ቢፈልጉ የተገኘው «ጎህ ሰባት» ብቻ ሆነ። ስድስት ሰዎች በአንዲት የጠፈር መርከብ ተሳፍረው ሲነታረኩ የሚያሳይ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም ያየው፣ ማንም ከማንም ጋር ያልተጣላበት የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው። ምን ትክክል እንደሆነ ሰውን ብትጠይቀው ደግ መስሎ ለመታየት ይመልስልሃል አሉ አዋቂዎቹ፤ ሲስቅ ግን ማንም አልጠየቀውም። ስለዚህ ሕዝቡ የሳቀበት ቦታ ሁሉ ሕዝቡ በልቡ ይቅር ያለው ነው ተባለ። አንድ መቶ አራት ክፍሎች ከነሳቃቸው ተቆጥረው ተመዘገቡ። ልጆች በትምህርት ቤት ይሸመድዷቸዋል፤ በየወረዳው ያለው የምግባር ሸንጎም በእነሱ ይፈርዳል።

ፌቨን ያንን ሳቅ የሠራች ሰው ናት። የ«ጎህ ሰባት» የድምፅ ባለሙያ ነበረች። ቀረጻው የሚካሄደው ቃሊቲ በተከራዩት መጋዘን ውስጥ ነበር። መርከቧ ብርማ ቀለም የተቀባ ካርቶን ናት፤ ተመልካች የሚባል ነገር እዚያ ደርሶ አያውቅም። የተቀዳው ሳቅ አራት ነበር፤ ትንሹ፣ ትልቁ፣ የሴቶቹና ቁጥር አራት። አራቱን እያቀያየረች አንድ መቶ አራት ክፍል አሳቀች። ሕጉ ሲወጣ ሄዳ ልትናገር አስባ ነበር፤ ግን ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም ቢሆን በገዛ ሥራዋ አገር ሲተዳደር ማየቱ ትንሽ ደስ ብሏት ነበር፤ አሁን ይህን ማመን ያሳፍራታል።

ደብዳቤው ሦስት መስመር ነው። ባለቤቷ አቶ ኪሩቤል ሰኞና ሐሙስ የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉበት ወንበር ቁጥር ሰባት፣ በክፍል አርባ አንድ መሠረት ለአቶ ያፌት እንዲተላለፍ መወሰኑን ይገልጻል። ቅሬታ ያለው በአምስት ቀን ውስጥ ማቅረብ ይችላል። ኪሩቤል መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ያፌት ማለት ሊፍቱን የሚጠግነው ልጅ እንደሆነ ጠየቃት፤ ነው አለችው። እሱ ባይኖር ከስድስተኛ ፎቅ ወርዶ ወደ እጥበቱ መሄድ እንደማይችል፣ ጎበዝ ልጅ እንደሆነ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ለዚህ በሽታ ገና ለጋ ዕድሜ እንደሆነ አወራላት። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፎ ሶፋው ላይ አስቀመጠና ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ፌቨን ግን ደብዳቤውን አንስታ እንደገና አነበበችው። ያለ እጥበት ሰው ስንት ቀን እንደሚቆይ ሁለቱም ያውቃሉ። ማዕከሉ ያሉት ሳምንቱን ሙሉ የተያዙ አሥራ ሁለት ወንበሮች ናቸው፤ አሥራ ሦስተኛ ኖሮ አያውቅም፤ ከታካሚዎቹም በዕድሜ የሚበልጠው ኪሩቤል ነው።

ክፍል አርባ አንድን ፌቨን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በመርከቧ አየር ያልቃል፤ ለስድስት ሰው አይበቃም። ካፒቴኑ የንብረት ክፍሉን ሽማግሌ፣ አያ ጉልላትን፣ የውጭውን በር አይተው እንዲመጡ ይልካቸውና ከኋላቸው ይቆልፈዋል። ሽማግሌው መጀመሪያ በስህተት የተቆለፈ መስሏቸው ቀስ ብለው ያንኳኳሉ። ድርሰቱ እዚያ ቦታ ላይ «ጸጥታ» ይላል። ደራሲው ሰው እንዲያፍርበት ነው የጻፈው፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ክፍሎች ሁሉ ካፒቴኑ ያንን በር ቀና ብሎ ማየት ያቅተዋል። ነገር ግን በቀረጻው ቀን አንድ የጭነት መኪና በመጋዘኑ ደጅ ሲያልፍ ጥሩምባውን ነፋና ጸጥታውን አበላሸው። ፕሮግራሙ ሊተላለፍ የቀረው ሁለት ሰዓት ነበር። ፌቨን ጥሩምባውን የምትሸፍንበት ነገር ፈለገች፤ ርዝመቱ የበቃት ሳቅ ቁጥር አራት ብቻ ነው። ሽማግሌው በሩን አንኳኩ፤ አገሩ ሁሉ ሳቀ። ሰባት ሰከንድ።

ዓርብ ዕለት ድሮ የሠራችበትን ድምፅ የያዘውን ሃርድ ዲስክ በሻርፕ ጠቅልላ ሸንጎው ፊት ቀረበች። የሸንጎው አባላት ሦስት ናቸው። ሰብሳቢው ኢዮስያስ አርባ ዓመት ያልሞላው ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት፣ ውሃ አቀረበላት፣ የ«ጎህ ሰባት» ሰው በአካል ማየቱ ትልቅ ክብር እንደሆነም ነገራት። እሷም የመጋዘኑን፣ የጥሩምባውንና የአራቱን ሳቆች ነገር አንድ በአንድ ተረከችለት። ደራሲው ተቃራኒውን ማለቱ እንደነበርም ጨመረች። ኢዮስያስ በጥሞና ሰማት። ደራሲ አንድ ሰው ነው፣ የፈለገውን ማለት ይችላል፤ ሸንጎውን የሚያስጨንቀው የሳቁ ጉዳይ ነው አላት። ከዚያ ቁጥር አራት የት እንደተቀዳና ሰዎቹ ምን አይተው እንደሳቁ ጠየቃት።

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻላት ነበር፤ ግን እውነቱ የሚጠቅማት መስሏት ነገረችው። በዓመት መዝጊያ ምሳ ላይ ነው የተቀዳው። መቅጃውን ከዳቦው ቅርጫት ሥር ደብቃው ነበር። የመጋዘኑ ጥበቃ፣ ሽማግሌው ጋሽ ወልዱ፣ ሞቅ ብሏቸው ሲጨፍሩ ቀበቶአቸው ተፈቶ ሱሪያቸው ወረደ። ዘጠኝ ሰዎች ሳቁ። እሷ ቀረጻው እንዳይበላሽባት ሻርፗን ነክሳ ዝም አለች።

ሦስቱ አንገታቸውን ገጥመው ተንሾካሾኩ። ቆይቶ ኢዮስያስ ቀና አለ።

«እትዬ ፌቨን፣ ትልቅ ነገር ነው የነገሩን። ሳቁ የሕዝብ ካልሆነ የሰው ነው ማለት ነው። የሕዝብ ሳቅ ሁላችንንም ያስራል። የሰው ሳቅ ግን የሚያስረው የሳቀውን ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍል አርባ አንድ እንዲሁ በባለቤትዎ ላይ ሊጸና አይችልም።»

ፌቨን የእፎይታ እንባ መጣባት። ከአርባ ዓመት በፊት የሠራችው ስህተት ዛሬ ለባሏ ዕድሜ ሆነ ብላ ፈጣሪዋን አመሰገነች። ምስጋናዋን ሳትጨርስ ሰብሳቢው ቀጠለ።

«እሳቸው ራሳቸው ከሳቁት አንዱ ካልሆኑ በስተቀር።»

ከዘጠኙ ማን በሕይወት እንዳለ ጠየቃት። ሰባቱ ሞተዋል። የቀሩት፣ እሷ እንደምታስታውሰው፣ ያኔ የመብራት ሠራተኛ የነበረው ኪሩቤልና የፕሮግራሙ ሜካፕ ሠሪ ማህደር ናቸው። ከጎኑ ያለችው አባል የማህደርን ስም መዝገብ ውስጥ አስገባች። እነ ፌቨን በሚኖሩበት በቱሉ ዲምቱ፣ ሁለት ብሎክ አለፍ ብላ ትኖራለች፤ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በዚያው ማዕከል፣ በዚያው ሰኞና ሐሙስ፣ ወንበር ቁጥር ሦስት የእሷ ነው። ኢዮስያስ ይህን ሲሰማ ፊቱ አልተለወጠም። ለያፌት የሚያስፈልገው አንድ ወንበር ብቻ እንደሆነ፣ ሁለት ሰው መጉዳት የሸንጎው ፍላጎት እንዳልሆነ አስረዳ። ሁሉም ሰው በአንድ ላይ አይስቅም፤ ሁልጊዜ ጀማሪ አለ፤ ሌላው ተከታይ ነው፤ ኃላፊነቱም የጀማሪው ይሆናል አለ።

ድምፁ ተከፈተ። መጀመሪያ አንድ ቀጭን ሳቅ ብቻውን ይወጣል፤ አየር ወደ ውስጥ እንደሚስብ ሰው ሲር ይልና ይፈነዳል፤ ሌሎቹ ከኋላ ይከተሉታል። ፌቨን ይህን ሳቅ ታውቀዋለች። ያኔ በዚያ ምሳ ላይ፣ የመብራት ሠራተኛውን ቀና ብላ እንድታየው ያደረጋት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት በአንድ ቤት ውስጥ ሰምታዋለች።

«ቀድሞ የሚወጣው ድምፅ የማን ነው?» አላት ኢዮስያስ።

«የማህደር» አለችው።

ውሸቱ ሲወጣ አልከበዳትም። ይህን በኋላ ለራሷ እንኳ መንገር አቃታት፤ እንደከበዳት፣ እንደተጨነቀች፣ ሌላ መንገድ እንዳጣች ነው ለራሷ የምትተርከው። እውነቱን ለመናገር ግን ስም እንደመጥራት ያህል ቀላል ነበር።

ሸንጎው ጨዋ ስለሆነ ያለ ማጣራት አይፈርድም። ማህደር ቅዳሜ ጠዋት ተጠራች። ያልነገሯት ነገር ግን አለ፤ ስለ «ጎህ ሰባት» ሊጠይቋት እንደፈለጉ ብቻ ነው የሰማችው። ስለዚህ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ከንፈሯን ቀለም ቀብታ፣ ባላት ጥሩ ቀሚስ መጣች። ፌቨንን ስታይ አቅፋ አልለቅ አለቻት። እጥበቱ ያሳበጠው ክንዷ ፌቨን ትከሻ ላይ ከበደ።

«ፌቪዬ፣ በመጨረሻ አስታወሱን አይደል?» አለቻት።

ሸንጎው ክፍል አርባ አንድን ያለ ሳቅ አሳያት። ፊቷን ሲያዩ ቆዩ። ሽማግሌው በሩን ሲያንኳኩ ማህደር አፏን በእጇ ያዘች። አያ ጉልላትን ሆነው የሚሠሩትን ሰው በየቀኑ ፊታቸውን የምታሸበሽበው እሷ ነበረች፤ ዕድሜያቸው ገና ሃምሳ አልሞላም፤ ያን ቀን ሜካፑን ስታስለቅቃቸው እውነተኛ እንባ ከቀለሙ ጋር አብሮ እንደመጣ ለሸንጎው አወራች። ይሄ አያስቅም፣ ያን ጊዜም አላሳቀኝም አለች። ሁለቱ አባላት ተያዩ። ኢዮስያስ ግን ስለ ቀረጻው ቀን አልጠየቀም፤ ስለ ምሳው ነው የጠየቃት። ጋሽ ወልዱ ሱሪያቸው የወረደ ጊዜ እርስዎ ስቀው ነበር ወይ አላት።

ማህደር አሰበች። ፌቨን የጠረጴዛውን እግር እያየች ጠበቀች።

«አርባ ዓመት እኮ ነው፣ ልጄ። ስቄ ይሆናላ። ያን ጊዜ በሁሉም ነገር እስቅ ነበር» አለች፤ ከዚያም ፌቨንን በዓይኗ ጠቀሰቻት።

አሁን ይሳቁልን አሏት። ምን ልሳቅ ብላ ግራ ገባት፤ ቢሆንም ሰው አክባሪ ናት፤ የጠየቋትን እምቢ ማለት አትወድም፤ አይኗን ጨፍና እንደምንም ሳቀች። ወፍራም፣ ከደረት የሚወጣ፣ ሳል የተቀላቀለበት ሳቅ ነው። ከቁጥር አራት ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ሸንጎው ሁለቱን ድምፅ እያፈራረቀ አሰማ፤ ከዚያ ወደ ፌቨን ዞረ። በዚህ ሙያ ከእሷ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ የእሷ ቃል የመጨረሻ ነው።

«ሰው ሲያረጅ ድምፁ ይወፍራል። የእሷው ነው» አለች ፌቨን።

ኢዮስያስ አመሰገናቸው፤ በር ድረስም ሸኛቸው። ደጅ ላይ ማህደር የፌቨንን ክንድ ይዛ በጣም አዝና እንደነበር ነገረቻት። ኪሩቤልን ሊያወጡት ነው የሚል ወሬ ሰምታ እንቅልፍ አጥታ ነበር፤ አሁን የእሱ ፋይል መዘጋቱን ስትሰማ ደስ አላት። ሰኞ እጥበት ላይ ስንገናኝ ስለ ድሮው ሁሉ እንደማወራው ንገሪው አለች። ፌቨን እነግረዋለሁ አለቻት። ደብዳቤው ለማህደር የደረሰው እሑድ ነው።

ማህደር ያለ እጥበት አሥራ አንድ ቀን ቆየች። ፌቨን ሁለት ጊዜ ልትጠይቃት ሄዳ ሁለቱንም ጊዜ ከበሯ ተመለሰች። ለኪሩቤል የነገረችው ሸንጎው የማህደርን ወንበር መርጦ መውሰዱን ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አላውቅም አለችው። ኪሩቤል ቀብሯ ላይ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከዚያ ምሳ የተረፍነው አንቺና እኔ ብቻ ሆንን አላት። ፌቨን አቅፋ አባበለችው፤ ባሏ በሕይወት አለ፤ ክንዱ ሙቅ ነው፤ ለዚህም አላፈረችም።

ከቀብሩ በኋላ በመጣው ሐሙስ እጥበት ላይ ነበሩ። ወንበር ቁጥር ሦስት ላይ ያፌት ተቀምጦ በስልኩ ስለ አንድ የተበላሸ ሊፍት ከሰው ጋር ይነጋገራል። ኪሩቤል ወንበር ሰባት ላይ ነው፤ ፌቨን ከጎኑ በበርጩማ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን እንደ ደንቡ ቀኑን ሙሉ «ጎህ ሰባት»ን ያሳያል። ያን ቀን ደግሞ ክፍል አርባ አንድ ታድሶ ቀረበ። ሸንጎው የፌቨንን ሃርድ ዲስክ ተረክቦ፣ ጥሩምባውን አጥፍቶ፣ ሳቁን አጥርቶታል። አርባ ዓመት ሙሉ በጩኸት ተሸፍኖ የኖረው የመጀመሪያው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ተሰማ። ከምስሉ ሥር በትንሹ ተጽፏል፤ «ሳቅ፦ ወይዘሮ ማህደር።»

ኪሩቤል ጽሑፉን አነበበ። መነጽሩን አስተካክሎ ደግሞ አነበበው። ከዚያ የማዕከሉን ነርስ በእጁ ጠራት።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ተሳስቷል። የኔ ሳቅ ነው። ማህደር ያን ጊዜ አልሳቀችም፤ ቀበቶአቸውን ልታስርላቸው ከማዕድ ተነስታ ነበር» አላት።

ነርሷ በሥርዓት ወደ እሱ ጎንበስ አለች። እንዲህ ያለ ነገር ከሰማች ለሸንጎው ማሳወቅ ግዴታዋ ነው። እርግጠኛ ነዎት ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ፌቨንን ጠይቂያት። የቀዳችው እሷ ናት» አለ ኪሩቤል፤ በሚስቱ ሥራ የኮራ ባል ድምፅ ነበር።

ነርሷ ወደ ፌቨን ዞረች። ያፌትም ስልኩን ከጆሮው አንስቶ ያያቸው ጀመር። ፌቨን የላጠችውን ብርቱካን ጉልበቷ ላይ አኖረች።

«የማህደር ነው። ረስቶት ነው» አለች።

ኪሩቤል ሚስቱን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ወንበር ቁጥር ሦስትን አየ፤ ደሙ ወደሚሄድበትና ወደሚመለስበት ቱቦ ዓይኑን አወረደ፤ ተመልሶ ፌቨንን አየ። ሁሉም ነገር ገባው። ሲገባው ፌቨን ከፊቱ ላይ አየችው፤ በዚያች ቅጽበት ባሏን አጥታዋለች። አንዲት ቃል ቢናገር ማህደር በሌላ ሰው ሳቅ መሞቷ ይታወቅላታል፤ እሱም በሰኞው ወንበሩን ይለቃል።

ነርሷ ትዕግሥት ነበራት። ወረቀቷን ይዛ ደግማ ጠየቀችው፤ የማን ሳቅ ነው አባባ አለችው።

ኪሩቤል ራሱን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አስደገፈ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

«ረስቼ ይሆናል» አለ።